እኔ ያልከፈትኩት መስኮት

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም። ያደግኩት ጴንጤ ቤት ነው፣ ስለ ዛርና ስለ ቡዳ የሚያወራ እንግዳ ሲመጣ አባቴ በትህትና ወሬ ያስቀይረው ነበር፣ እኔ ደግሞ የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ስለ መቃብር ቦታ ሲያወሩ "እስቲ በዓይኑ ያየ ማነው?" እያልኩ ጨዋታ የማበላሽ ልጅ ነበርኩ፣ ለዚህም ብዙ ጊዜ ተኮርኩሜያለሁ። አሁን የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ እወስዳለሁ፣ የላብራቶሪ ሪፖርት ስጽፍ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልጽፍም። ይህንንም እንደዚያው ነው የምጽፍላችሁ፣ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ፣ ምን እንደነበረ ግን እንዳትጠይቁኝ፣ አላውቅም። የምጽፈውም ለማስፈራራት አይደለም፣ በዚያን ቀን አንዲት ቃል ዋሽቼ ስለነበር ነው፣ እሷ ላይ ስንደርስ ትረዱኛላችሁ።

ነገሩ የሆነው ኦሮራ ከተማ ነው፣ እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዊንተር። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ከመስከረም፣ ከባሏ ከዳንኤልና ያኔ አስር ወሩ ከነበረው ልጃቸው ከናታን ጋር፣ አንድ አሮጌ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። መሲ ሌክውድ ውስጥ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፣ ዳኒ ኤርፖርት ሸትል፣ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ፣ ይነዳል፣ እኔ ጠዋት ክላስ ገብቼ ከሰዓት ናታንን እረከባለሁ፣ ማታ ዳኒ ሲመጣ አስረክባለሁ። ዳኒ "የናታን የከሰዓት እናት" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራውን በጣም ነበር የማከብረው፣ ጡጦ የጠጣበትን ሰዓት፣ ዳይፐር የቀየርኩበትን ሰዓት፣ የተኛበትን ደቂቃ ሳይቀር ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጅ ላይ እለጥፋለሁ፣ መሲ "ሚኪ፣ ናታን እኮ ፈተና አይሰጥህም" እያለች ትስቅብኛለች፣ እኔ ግን ልጇን አምና የሰጠችኝ ስለሆነ ማሳፈር አልፈልግም ነበር።

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ይጥላል። ኮሌጁ ዘጋ፣ መሲ ግን አዛውንቶቹን ጥሎ መቅረት አይቻልም ብላ እኩለ ቀን ላይ መኪናዋን እያንሸራተተች ሄደች። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ቆመ፣ ሀይዌዩ ተዘጋ፣ ኤርፖርቱም ተዘጋ፣ ዳኒ ደውሎ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ተርሚናል ውስጥ መቅረቱን ነገረኝ፣ መሲም ደውላ ሌሊቱን እዚያው ልታድር እንደምትችል ነገረችኝ። ናታን ከዋዜማው ጀምሮ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ድምፁም ጎርነን ብሎ ነበር፣ ግን ይስቃል፣ ይጫወታል፣ እና ማናችንም አልደነገጥንም፣ እኔም አስተኝቼው ሳሎን ቁጭ ብዬ ለኬሚስትሪ ፈተና ማንበብ ጀመርኩ።

አመሻሹ ላይ፣ ውጭው ገና ደንገዝገዝ ሲል፣ ውሻ ሲጮህ ሰማሁ። አፓርታማችን ውስጥ ውሻ ማሳደግ ክልክል ስለሆነ "ደግሞ ማን ይሆን ደፍሮ ያመጣው" ብዬ ፈገግ አልኩ፣ እመኑኝ፣ ፈገግ ነው ያልኩት። ሁለተኛ ሲጮህ ድምፁ የሚመጣው ከመኝታ ቤት መሆኑ ገባኝ። ሮጬ ስገባ ናታን አልጋው ላይ በሆዱ ተገልብጦ ያስላል፣ ሳሉ የልጅ ሳል አይደለም፣ ደረቅ ጩኸት ነው፣ አየር ለማስገባት ሲሞክር ደግሞ ጉሮሮው ሲጥ ይላል፣ ትንፋሽ በሳበ ቁጥር የጎድን አጥንቶቹ መሃል ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። አነሳሁት፣ በትልልቅ ዓይኖቹ አየኝ፣ ማልቀስ ፈልጎ ለልቅሶ የሚሆን ትንፋሽ አጣ።

የእኔ ሞባይል ኔትወርክ የሚይዘው ሳሎን በር አጠገብ ብቻ ነበር፣ እዚያ ቆሜ ለመሲ ደወልኩ። ሳሉን ከሩቅ ሰማችው፣ ብርድ መትቶታል አለችና ማድረግ ያለብኝን በተርታ ነገረችኝ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ቪክስ ደረቱ ላይ ቀባው፣ ውሃ አፍላና በእንፋሎቱ ክፍሉን ሙላው፣ ከዚያ ክፍልም እንዳታወጣው። መስኮቱን ደግሞ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ፣ አሮጌ ስለሆነ ነፋስ ያስገባል፣ ፎጣ ወትፍበት አለችኝ።

"ሚኪዬ፣ በጌታ፣ ነፋስ እንዳይነካው" አለችኝ።

በእሷ አልፈርድም፣ እኔም ከእሷ የተሻለ አላውቅም ነበር። እኛ አገር ሕፃን ሲያስለው የመጀመሪያው ሥራ መስኮት መዝጋት ነው፣ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ልጅ ታቅፋ ከገባች ተሳፋሪው ሁሉ በላብ ቢጠመቅም መስኮት የሚከፍት ሰው የለም፣ የከፈተም ከኋላ እስከ ፊት ይሰደባል። ስለዚህ የነገረችኝን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ አንድ በአንድ ሠራሁ። መስኮቱ ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው፣ ሌባ ከውጭ እንዳይከፍተው ዳኒ የመጥረጊያ እንጨት ቆርጦ ሐዲዱ ውስጥ አጋድሞበታል፣ እኔ በላዩ ሁለት ሰማያዊ ፎጣ ወተፍኩና ከአገር ስመጣ ሻንጣዬን ባሸግኩበት ሰፊ ቡናማ ፕላስተር ዙሪያውን ለጠፍኩት። የናታንን አልጋ በጎማው እየገፋሁ ከመስኮቱ አራቅኩና ትይዩ ካለው ግድግዳ፣ ከሂተሩ አጠገብ አስጠጋሁት። ሥራዬን አይቼ ረካሁ፣ ክፍሉ እንደ ቆርቆሮ ታሽጓል።

ኩሽና ገብቼ ውሃው እስኪፈላ ስጠብቅ ከመኝታ ቤት ጨርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል። የታሸገ ሻንጣ ስትከፍቱ ፕላስተሩ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፣ ልክ እሱ ነው። ብርዱ ሙጫውን አላልቶት ይሆናል ብዬ ሄድኩ።

መስኮቱ የአንድ ስንዝር ያህል ተከፍቷል፣ በረዶው ወደ ውስጥ ይበናል። ፕላስተሩ ሳይቀደድ ተላቅቆ በአንድ በኩል ተንጠልጥሏል። ፎጣዎቹ ግን መስኮቱ ሥር አልወደቁም፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ቦታ ታጥፈው፣ የናታን አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ አየኋቸው። ሳላስተውል እኔው ራሴ ያስቀመጥኳቸው ሌሎች ፎጣዎች ይሆናሉ ብዬ አሰብኩ፣ እንጨቱንም ሐዲዱ ውስጥ መመለሴን ረስቼ ይሆናል አልኩ፣ ሰው ሲደነግጥ ይረሳል። ናታን ዝም ብሎ ተኝቶ መስኮቱን ያያል፣ አያስልም። ይህቺን ነገር ያኔ ልብ አላልኳትም፣ ዛሬ ድረስ የምትቆጨኝ እሷ ናት። መስኮቱን ዘጋሁ፣ እንጨቱን አጋደምኩ፣ በጣቴም ነካ አድርጌ መኖሩን አረጋገጥኩ፣ ፎጣውን ወተፍኩ፣ ፕላስተሩን ደርቤ ለጠፍኩ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ሳሉ ተመለሰ፣ ከፊተኛው የባሰ። ሲጥ የሚለው ድምፅ አሁን ሳያስልም አለ፣ በየትንፋሹ አለ፣ ከንፈሩ ዙሪያም ገረጣብኝ። ያን ጊዜ ወረቀቱን ጥዬ ሳሎን በር ላይ ቆሜ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው የድንገተኛ ጥሪ ሠራተኛ ተረጋግታ ጠየቀችኝ፣ አምቡላንስ እንደተላከ፣ ነገር ግን መንገዱ በበረዶ ስለተሞላ ሊዘገይ እንደሚችል ነገረችኝ፣ ቀና አድርጌ እንድይዘው፣ እንዳላስለቅሰው፣ ከባሰበት ወዲያው መልሼ እንድደውል አዘዘችኝ። ከእሷ ጋር እያወራሁ ያ ድምፅ እንደገና ተሰማኝ። ጨርርር። ስልኩን ዘግቼ ስገባ መስኮቱ ሁለት ስንዝር ያህል ተከፍቷል፣ የናታንም ሳል ረገብ ብሏል። ፎጣዎቹ ሦስት ቦታ ታጥፈው አልጋው ጠርዝ ላይ ናቸው። እንጨቱ፣ በጣቴ ነክቼ ያረጋገጥኩት እንጨት፣ ከሐዲዱ ወጥቶ ጥግ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

እንግዲህ የዚህን ጊዜ ቤቱን መፈተሽ ጀመርኩ። ቁም ሳጥን ከፈትኩ፣ አልጋ ሥር አየሁ፣ ሻወር ቤት ገባሁ፣ የውጭውን በር ፈተሽኩ፣ ሰንሰለቱ እንደተቆለፈ ነው። በመስኮቱ አንገቴን አወጣሁ፣ በረንዳ የለውም፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ጠርዙ ላይ የተከመረው በረዶ ወፍ እንኳ አልነካውም። ደግሞም ልንገራችሁ፣ በኛ ቤት ፎጣ የሚያጥፍ ሰው የለም፣ መሲ ፎጣ ትጠቀልላለች እንጂ አታጥፍም፣ እኔም የተማርኩት ከእሷ ነው። "በኢየሱስ ስም" አልኩ። መስኮቱን ዘጋሁት። የቀረውን ፕላስተር በሙሉ፣ ካርቶኑ ጥቅል እስኪቀር፣ ዙሪያውን ለጠፍኩበት።

መሲ ስትደውል አምቡላንስ መጥራቴን ነገርኳት፣ ስለ መስኮቱ ግን ምን ብዬ ልንገራት? እሷ እያለቀሰች በስልክ መጸለይ ጀመረች፣ አብረዋት የሚሠሩ ሰዎች ሲያጽናኗት ይሰማኛል፣ ከዚያ ጸሎቷን አቋርጣ ጠየቀችኝ።

"መስኮቱን ዘግተኸዋል አይደል?"

"ዘግቼዋለሁ።"

"ተባረክ የኔ ወንድም።"

ስልኩን እንደዘጋሁ በር ተንኳኳ። አምቡላንሱ መስሎኝ ስከፍት ከታች የሚኖሩት ጎረቤታችን ጋሽ ሃብተአብ ናቸው። ጋሽ ሃብተአብ ኤርትራዊ ናቸው፣ ታክሲ ይነዳሉ፣ አሥመራ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል፣ ስሳሳት ያርሙኛል፣ መጽሐፍ ስለምይዝ "ዶክተር" ይሉኛል። ሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው፣ የበረዶ አካፋ እንደያዙ ቆመዋል፣ ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ የለም።

"ዶክተር፣ እንግዳ መጥቶባችኋል እንዴ?"

ማንም እንደሌለ፣ እኔና ናታን ብቻ እንደሆንን ነገርኳቸው።

"ታዲያ ነጠላ ጫማ እየጎተተ ከክፍል ክፍል የሚመላለሰው ማነው? ያንተን እርምጃ አውቀዋለሁ፣ አንተ በካልሲ ነህ።"

እግሬን አየሁ፣ በካልሲ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ነጠላ ጫማ የሚባል ነገር የለም፣ መሲ ምንጣፉ ላይ ጫማ አትወድም፣ እሳቸውም ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ በር ላይ ያወልቃሉ። ወዲያው ናታን አሳለ፣ ጋሽ ሃብተአብ ያንን ድምፅ ሲሰሙ አካፋውን ጥለው ገቡ፣ እኔም ተከተልኳቸው፣ ኮሪደሩ መሃል ስንደርስ ግን ሁለታችንም ባንዴ ቆምን። ጨርርር። በተዘጋው በር በዚያኛው በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ያን ሁሉ ፕላስተር። ጋሽ ሃብተአብ ወደ እኔ ዞሩ፣ ልጁ ብቻውን ነው? አሉኝ በዓይናቸው፣ እኔም ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳቸው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፣ ውስጥ ያለው የእህቴ ልጅ ስለሆነ ነው።

መስኮቱ እስከ ዳር ተከፍቷል። ፎጣዎቹ ታጥፈዋል፣ እንጨቱ ጥግ ቆሟል። አልጋው ደግሞ ሂተሩ አጠገብ የለም፣ መስኮቱ ሥር ነው፣ ጎማዎቹ ምንጣፉ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀጥ ያለ መስመር ትተዋል። ናታን ብርድ ልብሱ ትከሻው ላይ እንዳለ ቁጭ ብሏል፣ ፀጉሩ ላይ በረዶ አርፎበታል፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይተነፍሳል። ይተነፍሳል ነው የምላችሁ፣ ሲጥ የሚለው ድምፅ አለ፣ ግን ቀንሷል፣ ከበሩ ላይ ሆኜ ልለየው እችላለሁ።

ጋሽ ሃብተአብ አማተቡና መስኮቱን ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉ።

"ይተዉት" አልኩ።

"ምን ማለትህ ነው? ልጁን ብርድ ሊገድለው ነው።"

"ይተዉት ጋሽ ሃብተአብ፣ ስዘጋው ነው የሚብሰው።"

ይህን ስናገር ራሴን አላመንኩትም። እኔ የታላቅ ቃል የማልሰብር ልጅ ነኝ፣ መሲ ዝጋ ብላኛለች፣ ተባረክ ብላኛለች፣ ናታን አንድ ነገር ቢሆን መስኮት ከፍቶ ገደለው እንደምባል አውቃለሁ፣ እሷም ዕድሜ ልኳን ይቅር እንደማትለኝ አውቃለሁ። ነገር ግን ሲከፈት ዝም ሲል፣ ስዘጋው ሲጮህ አየሁ፣ ሦስት ጊዜ አየሁ፣ ላብራቶሪ ውስጥም ቢሆን ሦስት ጊዜ የተደገመን ነገር መምህሬ እንዳልንቅ አስተምሮኛል። ማን እንደከፈተው አላውቅም፣ ልክ እንደሆነ ግን ዓይኔ ነገረኝ። ናታንን ከነብርድ ልብሱ አነሳሁት፣ ፊቱን ብቻ ገልጬ፣ ቀና አድርጌ ይዤ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ጋሽ ሃብተአብ ትንሽ አመነቱ፣ ከዚያ አንዱን ሹራባቸውን አውልቀው እግሩን ጠቀለሉለትና አጠገቤ ቆሙ።

ቆመን ሳለ ከኋላችን ተሰማ። ነጠላ ጫማ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ቀስ ብሎ ሲጎተት። ከአልጋው አጠገብ ተነሳ፣ በጀርባችን አለፈ፣ በሩ ጋ ቆም አለ። ልዞር ስል ጋሽ ሃብተአብ ክንዴን ያዙኝ፣ በረዶውን እያዩ፣ ከንፈራቸውን ብዙም ሳያንቀሳቅሱ፦

"አትዙር" አሉኝ።

አልዞርኩም። እርምጃው ኮሪደሩን ይዞ ሄደ፣ ሳሎን ጋ ሲደርስ ጠፋ፣ በር ሲከፈት ግን አልሰማንም። ናታን ብቻ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እርምጃው የሄደበትን ሲያይ ቆየና ጭንቅላቱን አንገቴ ሥር አስገባ። ስንት ደቂቃ እንደቆምን አላውቅም፣ እጄ ደንዝዞ ነበር፣ ትንፋሹ ግን እየሰፋ፣ እየለሰለሰ ሄደ፣ የአምቡላንሱ መብራት በረዶው ላይ ቀይ ሲያበራ በጣቱ እያመለከተ "ባ" አለ፣ እኔም ያኔ ነው ያለቀስኩት።

የመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንደኛው ወጣት ደረቱን አዳመጠ፣ አፉ ላይ ጭጋግ የሚተፋ ጭንብል ያዘለት፣ ከዚያ ዙሪያውን አየ፣ የተላጠውን ፕላስተር፣ የታጠፈውን ፎጣ፣ ወለሉ ላይ የቀለጠውን በረዶ። መስኮቱን አንተ ነህ የከፈትከው? ብሎ ጠየቀኝ። ጋሽ ሃብተአብ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ አዎ አልኩ። ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገሃል አለኝ፣ ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ። የነገርኳችሁ ውሸት ይህቺው ናት።

ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ነርስ በደንብ አስረዳችኝ፣ ክሩፕ ይባላል አለችኝ፣ ጉሮሮ ውስጥ አብጦ የአየሩ መንገድ ሲጠብ ነው ሳሉ እንደ ውሻ የሚጮኸው፣ ቀዝቃዛ አየር እብጠቱን ያስታግሳል፣ ግን ትንፋሹ ሲጥ ካለና ደረቱ ከሰረጎደ በቤት ዘዴ ብቻ መጠበቅ አይገባም፣ መደወልህ ልክ ነበር አለችኝ። ሁሉንም ጻፍኩት። መሲ ሲነጋጋ የሥራ ባልደረባዋ በትልቅ መኪና አድርሷት ስትገባ፣ ነርሷ ወንድምሽ መስኮት ከፍቶ ረድቶታል ስትላት፣ እዚያው ኮሪደር ላይ እግሬ ላይ ልትወድቅ ነበር፣ እኔ ዝጋ ስለው እሱ እግዚአብሔር አስተዋይነት ሰጥቶት ከፈተ እያለች። ቀጥሎ በነበረው እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ወጥታ መሰከረች፣ ጉባኤው ሁሉ እልል አለ፣ ሰዎች ዞረው ያዩኛል፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ሦስት ጊዜ፣ እያልኩ አስባለሁ፣ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ሁለት ጊዜ ደግሞ ከተከፈተ በኋላ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሃብተአብን ባላስቆማቸው አራተኛውም በዓይኔ ፊት ይዘጋ ነበር።

ለጋሽ ሃብተአብ ይህን ነገር ያነሳሁላቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ከእኛ በፊት እዚያ ቤት ውስጥ የሞተ ሰው፣ የታመመ ልጅ ነበር ወይ? ብዬ ጠየቅኳቸው። ዘጠኝ ዓመት ታች ኖረዋል፣ ከእኛ በፊት ምግብ የማያበስሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ከእነሱ በፊት ድመት ያላት ጡረተኛ አስተማሪ ነበረች፣ እሷም ፍሎሪዳ ሄዳ እስካሁን የገና ካርድ ትልክልኛለች አሉኝ። "ደህና ናት" አሉ፣ እንደማዘን ብለው። እሳቸውም እንደ እኔ ምክንያት ፈልገው ያጡ መሰለኝ።

መጋቢት ላይ ዳኒና መሲ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዙ፣ ቤቱ አዲስ ነው፣ ከእኛ በፊት ማንም አልኖረበትም፣ መስኮቶቹም ድርብ ናቸው፣ ነፋስ አያስገቡም። እኔ ቤዝመንቱ፣ ማለት ምድር ቤቱ፣ ተሰጠኝ። እፎይ አልኩ፣ ያ ነገር ከአሮጌው አፓርታማ ጋር እዚያው ቀረ ብዬ። በገባን በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት የናታንን ክፍል ስከፍት መስኮቱ አንድ ስንዝር ተከፍቷል፣ የአልጋው ጠርዝ ላይ ሦስት ቦታ የታጠፈ ፎጣ አለ። ናታን ደህና ነው፣ ንፍጥ እንኳ የለውም። መሲ ልጁን ብርድ ልታስመታው ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ። የዚያን ዕለት ማታ ያ የውሻ ጩኸት ተመለሰ። እኔ ግን ከቀኑ ጀምሮ ጃኬቱን፣ ቦርሳውን፣ የመኪናውን ቁልፍ በር አጠገብ አዘጋጅቼ ስለነበር ገና ሳይብስበት ሐኪም ጋ ደረስን። ሚያዝያ ላይም እንደዚያው ሆነ፣ ጠዋት መስኮት፣ ማታ ሳል። ሐኪሙ ሲያድግ ይተወዋል ብሏል፣ እውነትም ከዚያ ወዲህ አላሳለም፣ እንዲያውም መራመድ ጀምሯል።

አሁን የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ ነኝ። ትናንት ጠዋት ስነቃ በረደኝ። የቤዝመንቴ መስኮት ትንሽ ናት፣ ከጣሪያው ሥር ናት፣ ወንበር ላይ ካልወጣሁ እጄ አይደርስባትም፣ ወንበሩ ደግሞ መጽሐፎቼ እንደተከመሩበት ነበር። እስከ ዳር ተከፍታለች። ማታ እርጥብ ሆኖ በር ላይ የሰቀልኩት የገላ ፎጣዬ እግርጌዬ ሦስት ቦታ ታጥፎ ተቀምጧል። ወደ ናታን ክፍል ሮጥኩ፣ የእሱ መስኮት እንደተዘጋ ነው፣ የመሲና የዳኒም እንደተዘጋ ነው።

ቁርስ ላይ መሲ ምድር ቤቱ ለምን እንዲህ ቀዘቀዘ ብላ ጠየቀችኝ። መስኮቱን እኔ ነኝ የከፈትኩት አልኳት።

አልዘጋሁትም። ትናንት ማታ ጃኬቴን ለብሼ ነው የተኛሁት። ጉሮሮዬን አያመኝም፣ አያስለኝም፣ ይህን ስጽፍ ግን በየመስመሩ ቆም እያልኩ ትንፋሼን አዳምጣለሁ።